በር ያንኳኩ ሴቶች፦ የኒውካስል ሺህ ቤተሰቦች ጉዳይ

በ1947 መጀመሪያ ብሪታንያ ላይ የወረደው ብርድ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሆኖ ቀረ። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ከጃንዋሪ ማብቂያ እስከ ማርች አጋማሽ በረዶው መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ዘጋው። የድንጋይ ከሰሉ ከጉድጓድ ወጥቶ የሚያደርሰው ጠፋ፤ የቤት መብራት በየቀኑ ለሰዓታት ይቋረጥ ነበር። ዳቦ እንኳ በራሽን ነበር፤ ጦርነቱ ሲፋፋም ያልተራሰነው ዳቦ ራሽን ውስጥ የገባው ሰላም ከወረደ በኋላ፣ በጁላይ 1946 ነው። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በታይን ወንዝ ዳር ባለችው ኒውካስል፣ ያንን ብርድ በእርግዝና ያሳለፉ ሴቶች በሜይና በጁን ወለዱ።

በእነዚያ ሁለት ወራት በከተማዋ የተወለዱት ሕፃናት 1,142 ነበሩ። የሁሉም ስም አንድ መዝገብ ውስጥ ገባ። የመርከብ ሠሪው ልጅ፣ የከሰል ቆፋሪው ልጅ፣ የሐኪሙና የነጋዴው ልጅ፣ ያለ ጋብቻ የተወለደውም ጭምር፤ የተመረጠ የለም፣ የተዘለለ የለም። የማዘጋጃ ቤቱ የጤና ክፍልና የሕክምና ትምህርት ቤቱ የሕፃናት ጤና ክፍል እጅ ለእጅ ተያይዘው ሕፃን በመጀመሪያ ዓመቱ ምን ያመዋል፣ ከምን የተነሣ ያመዋል፣ ሲያመውስ ማን ያስታምመዋል የሚለውን ሊያውቁ ተነሡ። የኒውካስል ሺህ ቤተሰቦች ጥናት እየተባለ የሚጠራው ይህ ነው።

ጥናቱ በሕክምና ታሪክ የሚነሣው በመሩት የሕፃናት ሐኪም በሰር ጄምስ ስፔንስ ስም ነው፤ ክብሩም ይገባቸዋል። እኔ ግን ይህን ጉዳይ ባነሣሁ ቁጥር ልቤ የሚሄደው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ደረጃ እየወጡ በር ያንኳኩ ወደነበሩት የከተማው ጤና ጎብኚዎች ነው። በአውሮፓ ከፍተኛ ደረጃ የደረሱ ሐኪሞች ሕፃን ለምን እንደሚሞት ሊገባቸው ያልቻለው ሆስፒታላቸው ውስጥ ተቀምጠው ስለነበር ነው። ወደ ቤት የገቡት በእነዚህ ሴቶች እግር ነው።

ስፔንስ በ1892 በኖርዘምበርላንድ፣ አምብል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሐኪምነት ዘምተው በጀግንነት ተሸልመዋል። ከጦርነቱ ሲመለሱ ኒውካስል ውስጥ በአንዲት አነስተኛ የሕፃናት ሆስፒታል መሥራት ጀመሩ፤ ቦታው መጀመሪያ የተከፈተው ጥይት ፋብሪካ ለሚሠሩ እናቶች የልጆች መዋያ ተብሎ ነው። እዚያ በ1920ዎቹ ያደረጉት ነገር ለዘመኑ እንግዳ ነበር፤ እናት ከታመመ ሕፃኗ ጋር በአንድ ክፍል እንድታድርና ራሷ እንድታስታምመው ፈቀዱ። በሌሎች የአገሪቱ ሆስፒታሎች ወላጅ ልጁን የሚያየው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ ያውም ለአንድ ሰዓት ያህል ነበር። አንዳንዱ ጭራሽ አያስገባም። ምክንያት ተብሎ የሚቀርበው «ልጁ እናቱን ካየ ያለቅሳል» የሚል ነው። የመንግሥት ኮሚቴ ይህ አሠራር ይቅር ብሎ የመከረው በ1959 ነው፤ የስፔንስ ክፍል ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀድሞታል።

የጥናቱ ሁለተኛ መነሻ የተጣለው በ1930ዎቹ ነው። ኢኮኖሚው በወደቀበት፣ የታይን መርከብ ሠሪዎች ሥራ ፈት ሆነው በየጥጉ በቆሙበት ዘመን፣ የከተማው አስተዳደር የልጆቹን ጤና እንዲመረምሩለት ጠየቃቸው። ከ1 እስከ 5 ዓመት የሆናቸውን የድሃ ሰፈር ልጆች ከተማሩና ደህና ከሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆች ጋር አወዳደሩ። ከድሆቹ ልጆች ከሲሶ የሚበልጡት ጤናቸው የተጓደለ፣ ሰውነታቸው የቀጨጨ ሆነው ተገኙ። ልጆቹ ሲወለዱ እንዲህ አልነበሩም፤ ያቀጨጫቸው በላይ በላዩ የሚመላለስ በሽታና የጎደለ ምግብ ነው። ቀጥሎም በ1939 በከተማዋ የሞቱትን ሕፃናት ከባልደረባቸው ከሐኪም ፍሬድ ሚለር ጋር አንድ በአንድ መረመሩ። ተላላፊ በሽታ ትልቁን ድርሻ ይዞ ተገኘ። ይሁንና የሞተን ሕፃን መርምሮ የሚታወቀው መጨረሻው ብቻ ነው። መነሻውን ለማየት በሕይወት ያለውን፣ ጤነኛውንም ሳይቀር፣ ከተወለደበት ቀን መከተል ያስፈልግ ነበር። ጦርነቱ መጣና ሐሳቡ ስምንት ዓመት ጠበቀ።

ከ36 ሰዓት እስከ አንድ ዓመት

ይህ ሥራ ሊሠራ የቻለው ማዘጋጃ ቤቱ አስቀድሞ የዘረጋው መረብ ስለነበረ ነው። ከ1915 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ግዴታ በሆነው ሕግ መሠረት ሕፃን በተወለደ በ36 ሰዓት ውስጥ የከተማው ጤና መኮንን እንዲያውቅ መደረግ ነበረበት። ጤና መኮንን የሚባለው በማዘጋጃ ቤቱ የተቀጠረ ሐኪም ነው፤ ከፍሳሽና ከወተት ቁጥጥር አንሥቶ እስከ ክትባትና እስከ ነፍሰ ጡሮች ክትትል ድረስ የሰፈሩ ጤና በእሱ እጅ ነው። በኒውካስል ይህን ወንበር የያዙት ሐኪም ዋልተን ከስፔንስ ጋር ተስማምተው መዝገባቸውን ከፈቱላቸው። ሁለት መሥሪያ ቤት፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው የከተማ አስተዳደር፣ ሳይሻሙ አንድ ሥራ ሲሠሩ ማየት ዛሬም ብርቅ ነው።

ቤት የወለደችውን ሴት መጀመሪያ የምታያት አዋላጅዋ ናት። በ1936 የወጣው ሕግ ማዘጋጃ ቤቶች አዋላጆችን ደመወዝ ከፍለው እንዲያሠሩ ስላስገደደ፣ እነዚህ ሴቶች በብስክሌት እየዞሩ ያዋልዱ ነበር፤ አራሷንም ለ14 ቀን ይመላለሱባታል። ከዚያ ጤና ጎብኚዋ ትረከባታለች። እኛ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስንል ጓዳ ድረስ የምትዘልቀውን ሴት እንደምናስበው፣ የእንግሊዟም ጤና ጎብኚ ሥራዋ ቤት ለቤት ነው። የሠለጠነች ነርስ ሆና መድኃኒት ግን አታዝም። ታያለች፣ ትጠይቃለች፣ ትመክራለች፣ ትጽፋለች።

የምትገባበት ቤት ምን እንደሚመስል መናገር ያስፈልጋል። በባይከር፣ በኤልዝዊክና በስኮትስዉድ ሰፈሮች የሠራተኛው ቤት ታይንሳይድ ፍላት የሚባለው ነው፤ ከመንገዱ ሲታይ ሁለት በር ጎን ለጎን፣ አንዱ ወደ ምድር ቤቱ፣ ሌላው በደረጃ ወደ ላይኛው ቤት የሚያስገባ። ሽንት ቤቱ ከኋላ ግቢ ነው። በጦርነቱ ስድስት ዓመታት የቤት ግንባታ ስለቆመ ብዙ አዲስ ተጋቢዎች ከወላጆቻቸው ቤት አንድ ክፍል ተሰጥቷቸው ይኖሩ ነበር፤ በዚያች ክፍል ይተኛል፣ ይበሰላል፣ የሕፃኑ ጨርቅ ምድጃው አጠገብ ይሰጣል። ጤና ጎብኚዋ ይህን ሁሉ ትመዘግባለች፦ ስንት ሰው በስንት ክፍል፣ ሕፃኑ ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ ጡት ወይስ ጡጦ፣ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው መኖሩን፣ አባትየው ሥራ እንዳለው፣ እናትየው እንቅልፍ እንዳላት።

ሕፃኑ በታመመ ቁጥር ሕመሙ ይጻፋል፤ የሰፈር ሐኪም ያየው እንደሆነ ከሐኪሙ፣ ሆስፒታል የገባ እንደሆነ ከሆስፒታሉ መረጃው ይሰበሰባል። ለሐኪም ሳይነገር በእናት መዳፍ ብቻ ተዳስሶ ያለፈው ትኩሳትም አይቀርም። ይህን የመሰለ መዝገብ ከዚያ በፊት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሆስፒታል የሚያውቀው በሩ ድረስ የመጣለትን ነውና።

ዘዴው ለኒውካስል ብቻ የተገኘ አልነበረም። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከማርች 3 እስከ 9 ቀን 1946 በነበረችው አንዲት ሳምንት በመላ ብሪታንያ የወለዱ 13,687 እናቶች ተጠይቀዋል፤ የጠየቋቸው በየአካባቢው ያሉ ጤና ጎብኚዎች ነበሩ። ቤታቸው ከወለዱት እናቶች አብዛኞቹ ምጡን ያለ ምንም ማስታገሻ እንዳሳለፉት የታወቀው ከዚያ ነው። አዋላጆች የሚይዙት የማደንዘዣ ጋዝ መሣሪያ ከ1936 ጀምሮ ተፈቅዶ ሳለ! የሚያሠለጥናቸውና የሚያጓጉዘው ስለሌለ መሣሪያው ከምጡ ጋር አልተገናኘም።

እናቲቱ ደግሞ በተራዋ ወደ እናቶችና ሕፃናት ጣቢያ ትሄዳለች። ጣቢያው ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው፤ ሚዛን፣ ረድፍ ወንበር፣ ሻይ። ሕፃኑ ይመዘናል፣ ክብደቱ ካርዱ ላይ ይሰፍራል። ነፍሰ ጡሮችና ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች አረንጓዴ የራሽን ደብተር ነበራቸው፤ ወተት በየቀኑ፣ እንቁላል ከሌላው እጥፍ፣ ፍራፍሬ ሲገኝ ቅድሚያ። የመንግሥት የዱቄት ወተት በቆርቆሮ፣ የተጨመቀ ብርቱካን በጠርሙስ፣ የዓሣ ጉበት ዘይት። ከኦገስት 1946 ጀምሮም ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት 5 ሺሊንግ ይከፈል ነበር፤ ገንዘቡ እናትየው እጅ እንዲገባ ኤሊኖር ራትቦን የተባሉት የምክር ቤት አባል ዕድሜያቸውን ሙሉ ታግለዋል።

እነዚህ ነገሮች ተራ ይመስላሉ። ግን የዘጋኝ አነዳ (ዲፍቴሪያ) ክትባትን ብቻ ማየት ይበቃል። በ1940 እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ 2,480 ሰው፣ አብዛኛው ልጅ፣ በዚህ በሽታ ታንቆ ሞተ። የክትባቱ ዘመቻ በእነዚሁ ጣቢያዎችና በትምህርት ቤቶች ተካሄደ፤ እናቶችን በየቤቱ ያግባቡት ጤና ጎብኚዎች ነበሩ። በ1950 የሞተው 49 ሰው ነው። በጎ ሐሳብ ሁሉ ግን ያለ ስሕተት አልሄደም፦ የዱቄት ወተቱም፣ ዘይቱም፣ የእህል ዱቄቱም ቫይታሚን ዲ እየተጨመረበት በአንዳንድ ሕፃናት ደም ውስጥ ካልሲየም ከመጠን በላይ ወጣና ታመሙ፤ መጠኑ የተቀነሰው በ1957 ነው።

ጁላይ 5 ቀን 1948

የእነዚህ ሕፃናት ዕጣ አንድ ልዩ ነገር አለው። ብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ ሥራ የጀመረው ጁላይ 5 ቀን 1948 ነው፤ የጥናቱ ልጆች ያኔ ከ12 እስከ 14 ወር የሆናቸው ነበሩ። የመጀመሪያ ዓመታቸውን ያሳለፉት በአሮጌው ሥርዓት ነው። በአሮጌው ሥርዓት አባት ሠራተኛ ከሆነ የ1911ዱ መድን እሱን ያሳክመዋል፤ ሚስቱንና ልጆቹን ግን አያውቃቸውም። ልጅ ሲያስል እናት ሐኪም ከመጥራቷ በፊት ቦርሳዋን ማየት ነበረባት። «ነገ ይሻለው ይሆናል» የሚለው ቃል ስንት ሌሊት ተብሏል! ከጁላይ 5 በኋላ ሐኪሙ ያለ ክፍያ ይመጣል። ይህ ለእናቶች ምን ያህል ሸክም እንዳቀለለ በገንዘብ ብቻ አይለካም።

ነገር ግን አዲሱ ሥርዓት ሲደራጅ ሦስት ቦታ ተከፈለ። ሆስፒታሎች ለክልል ቦርዶች፣ የሰፈር ሐኪሞች ለሌላ ምክር ቤት፣ አዋላጆች፣ ጤና ጎብኚዎችና የሕፃናት ጣቢያዎች ደግሞ ለማዘጋጃ ቤቱ። አንዲት ነፍሰ ጡር በእርግዝናዋ ወቅት ሦስቱንም ልታገኝ ትችላለች፤ ሦስቱ ግን አለቃቸውም በጀታቸውም መዝገባቸውም ለየብቻ ነው። ኒውካስል ላይ ስፔንስና ዋልተን በመግባባት ያገናኙትን፣ ሕጉ ለአገሪቱ በሙሉ ለያየው። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ቁጭት እዚህ ላይ ነው፤ አብሮ መሥራት እንደሚቻል የሚያሳየው ማስረጃ እየተሰበሰበ ሳለ ነው መለያየቱ የታወጀው።

መዝገቡ የተናገረው

የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ከተማዋ ውስጥ የቀሩት 967 ሕፃናት ናቸው፤ ከጎደሉት አብዛኞቹ ቤተሰባቸው ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል፣ ሌሎቹ ሞተዋል።

የሕፃናቱ ዋና ጠላት ተላላፊ በሽታ ሆኖ ተገኘ፤ በተለይም ከጉንፋን ጀምሮ እስከ ሳንባ ምች የሚደርሰው የመተንፈሻ ሕመም። ተቅማጥ አለ፣ ትክትክ አለ፣ የቆዳ እባጭ አለ። መዝገቡ ያሳየው አዲስ ነገር በሽታው የሚመጣበትን መንገድ ነው። ትምህርት ቤት የሚውለው ታላቅ ወንድም ጉንፋን ይዞ ይመጣል፤ ለእሱ ንፍጥ ነው፣ አንድ አልጋ ላይ ለሚተኛው የሦስት ወር ሕፃን ግን የሳንባ ምች ይሆናል። ክፍሉ በጠበበና ሰው በበዛ ቁጥር ከባዱ ሕመም ይበዛል። ከሕመሙም አብዛኛው ሆስፒታል ሳይደርስ ቤት ውስጥ፣ በእናት እጅ ያለፈ ነው። ጡት ማጥባቱ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ በፍጥነት ይቀንስ ነበር።

ሌላው ግኝት ስለ እናቶች ነው፤ እኔን የሚከብደኝም ይህኛው ነው። ጥናቱ የሕፃኑን ጤና ከሚወስኑት ነገሮች መካከል የእናቲቱን ችሎታ ከፍ ያለ ቦታ ሰጠው። እውነት አለው፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ድህነት፣ አንዷ ልጇን አፋፍታ ስታሳድግ ጎረቤቷ ሲያቅታት ጤና ጎብኚዎቹ አይተዋል። ስፔንስም ይህን ያሉት እናትን ለመንቀፍ አልነበረም፤ ለእሳቸው እናት የሕክምናው ዋና ሠራተኛ ናት። ይሁንና አምስት ልጅ በሁለት ክፍል ውስጥ የምታሳድግ፣ ውኃ ደረጃ ላይ ተሸክማ የምታወጣ፣ ያልተኛች፣ ደም ያነሳት ሴት «አትችልም» ተብላ ስትጻፍ፣ ድካሟ እንደ ጠባይዋ ተቆጥሮባት ይሆናል። መዛኟ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያላገባችና ልጅ የሌላት፣ የተማረች ሴት ነበረች። ቢሆንም በሩ ተከፍቶላታል። እናት ወደ ቤቷ የማታስገባው የመንግሥት ሰው በበዛበት በዚያ ዘመን፣ በርካታ እናቶች ለዓመታት ሳይሰለቹ መክፈታቸው ጎብኚዎቹ ምን ዓይነት ሰዎች እንደነበሩ ይናገራል።

ለአንድ ዓመት የታሰበው ሥራ ወደ አምስት፣ ኋላም እስከ 15 ዓመት ተራዘመ። በአምስተኛ ዓመታቸው 847ቱ አሁንም መዝገቡ ውስጥ ነበሩ። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1954 ነው፤ ስፔንስም በዚያው ዓመት አረፉ። በጸሐፊነት የተጠቀሱት አራት ሰዎች፣ ስፔንስ፣ ዋልተን፣ ሚለርና ዶናልድ ኮርት፣ አራቱም ወንዶች ናቸው።

ከዚያ ወዲያ

በአገር ደረጃ ቁጥሩ እየወረደ ሄደ። በእንግሊዝና ዌልስ በ1947 ከ1,000 ሕፃናት 41 ያህሉ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ1950 ወደ 30፣ በ1960 ወደ 22 ወረደ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከ1,000 ወሊድ ከ4 በላይ የነበረው የእናቶች ሞት በ1950 ከ1 በታች ሆነ። ፔኒሲሊን፣ ደም መስጠት፣ ምግብ፣ ቤት፣ ጉብኝት፤ እነዚህን ነጣጥሎ ድርሻ መስጠት ከባድ ነው፣ እኔም አልሞክረውም።

በ1974 የጤና መኮንንነት ወንበር ተሰረዘ፤ ጤና ጎብኚዎቹም ከማዘጋጃ ቤት ወጥተው ወደ ብሔራዊው አገልግሎት ተዛወሩ። ያኔ የመላ አገሪቱን የልጆች ጤና አገልግሎት እንዲመረምር የተቋቋመውን ኮሚቴ የመሩት ዶናልድ ኮርት ነበሩ፤ ያ በ1947 ከስፔንስ ጎን የነበረው ሐኪም። በ1976 ያቀረቡት ሪፖርት መከላከሉና ማከሙ አንድ ላይ እንዲሆን፣ ለልጆች ብቻ የተመደበች ጤና ጎብኚም እንድትኖር ጠየቀ። ኒውካስል ላይ ያዩትን ነው ለአገር የጠየቁት። መንግሥት ዋና ዋናዎቹን ሐሳቦች አልተቀበላቸውም።

ልጆቹ ከ49 እስከ 51 ዓመት ሲሆናቸው ተመራማሪዎች እንደገና ፈለጓቸው። በመቶ የሚቆጠሩት መጥተው ተመረመሩ፤ የአንገታቸው ደም ሥር ግድግዳ ውፍረት ሳይቀር ተለካ። የልብ ሕመም አደጋቸው ከልደት ክብደታቸው ይልቅ ከአዋቂነት አኗኗራቸው ጋር ይበልጥ ተያይዞ ተገኘ። ይህን ለማለት ግን የልደቱ ክብደት፣ የክፍሉ ጥበት፣ በመጀመሪያው ዓመት ስንት ጊዜ ሳንባቸውን እንደታመሙ መታወቅ ነበረበት። ይህ ሁሉ የተገኘው ያ ብርድ ባለፈ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር፣ ኩሽና ውስጥ ወንበር ስባ የተቀመጠች ሴት በእጇ ከጻፈችው ካርድ ነው።